መቀስ የቆረጠችው ባዶ ቦታ

ለሰው የመጀመሪያ ስሙን እናት አባቱ ያወጡለታል፤ ሁለተኛውን ግን ሥራው ነው የሚያወጣለት። እሷን ሥራዋ «መቀስ» አላት። ስሙ የወጣላት ማተሚያ ቤት ሳለች ነው። ሃያ ስድስት ዓመት እዚያ አራሚ ነበረች። ጠረጴዛዋ ከማተሚያው ማሽን በላይ ባለው ፎቅ፣ ከመስኮቱ ሥር ነበር፤ ማሽኑ ሲነሣ የጠረጴዛው ላይ የውኃ ብርጭቆ ይንቀጠቀጣል። እሷ ግን አትንቀጠቀጥም። ቀይ እርሳሷን ይዛ የተደገመውን ቃል፣ የተረሳውን ነጥብ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ያለ ቦታው የገባውን ባዶ ቦታ ስትቆርጥ ትውላለች። «ቃል ያልያዘ ቦታ ወረቀት ይበላል» ትል ነበር። ጸሐፊዎች ይፈሯታል። አንዱ፣ «እሷ ጋ የገባ ጽሑፍ ከጤና ጣቢያ እንደ ወጣ ሕፃን ተላጭቶ ነው የሚመለሰው» ብሎ ነበር።

ከዕለታት አንድ ቀን ማተሚያ ቤቱ ተዘጋ። ማሽኑ በብረትነቱ ተሸጠ፤ እሷም ቤት ዋለች። ሃምሳ ሁለት ዓመቷ ነበር። የለመደ ዐይን ግን ጡረታ አይወጣም። አንድ እሑድ ልጇ ልትጠይቃት ስትመጣ፣ እናቷ የአባቷን የደም ግፊት መድኃኒት ማብራሪያ ወረቀት ዘርግታ በቀይ እርሳስ ስታርም አገኘቻት።

«አየሻት?» አለ ባሏ። የአውቶብስ ሾፌር ነው፤ ነገር ሲያይ እንደ መንገድ ምልክት አጭር አድርጎ ይናገራል። «ነገ የኔን መንጃ ፈቃድ ታርማለች።»

«ሁለት ጊዜ ‹በቀን በቀን› ይላል» አለች መቀስ ቀና ሳትል። «ሰው ሁለት እጥፍ ቢወስደውስ?»

ልጇ ሳቀችና ወንበር ሳበች። «እማዬ፣ ይህን ዐይንሽን የሚፈልጉ ሰዎች አውቃለሁ።»

«መድኃኒት ፋብሪካ ናቸው?»

«ኮምፓይለር የሚሠሩ ናቸው።»

«እሱ ደግሞ ለምን በሽታ ነው?»

ልጅቱ ሶፍትዌር ሠሪ ናትና በትዕግሥት አስረዳቻት። ኮምፓይለር ሰው የጻፈውን ፕሮግራም ተቀብሎ ማሽን ወደሚገባው ቁጥር የሚለውጥ ፕሮግራም ነው። ይህኛው ደግሞ ክፍት ምንጭ ነው፤ ማለትም ሥሩ ለሁሉ የተገለጠ፣ የፈለገ የሚያየው፣ የቻለ የሚያስተካክለው። ፊት ለፊት ተያይተው የማያውቁ ሰዎች፣ እያንዳንዱ በየቤቱ ቁጭ ብሎ፣ በፈቃዱ የሚሠራው ነው። የጎደላቸው ፕሮግራም ጸሐፊ አልነበረም፤ አቤቱታ የሚያነብላቸው ሰው ነበር። አንድ ሰው ሦስት ሺህ መስመር ይዞ «ኮምፓይለራችሁ ወደቀብኝ» ብሎ ሲመጣ፣ ከሦስቱ ሺህ ውስጥ ጥፋቱን የሚያመጡትን ዘጠኝ መስመሮች ለይቶ የሚያስረክብ ሰው ያስፈልጋል።

«ታዲያ ይህማ መቁረጥ ነው» አለች መቀስ።

እንዲህ ሆና ገባች። ፕሮግራም መጻፍ እስከ ዛሬ አትችልም። ሰው ሲጠይቃት፣ «ዳኛ ለመሆን ሌባ መሆን ያስፈልጋል እንዴ?» ትላለች። ግን ማንበብና መሞከር በአንድ ዓመት ለመደች። ከመኝታ ቤቱ ጎን፣ ግማሹን ቁም ሣጥን የያዘው ጠባብ ክፍል ውስጥ ልጇ አሮጌ ኮምፒውተር ተከለችላት። ማራገቢያው ሲነሣ እንደ ድሮው ማተሚያ ጠረጴዛውን በመጠኑ ያንቀጠቅጠዋል፤ ይህን ስትሰማ ውስጧ ደስ አለው፤ ለማንም አልተናገረችም እንጂ።

የሥራ ልማዷን ከማተሚያ ቤት ይዛው መጣች። ማንኛውም ፋይል ሲደርሳት መጀመሪያ ታጸዳዋለች። ባለቤቱ በዳር የጻፈውን ማስታወሻ፣ ሰላምታውን፣ ባዶ መስመሮቹን፣ መጨረሻ ላይ የተንጠለጠለውን ባዶ ቦታ ሁሉ ትቆርጣለች። ለዚሁ ልጇ አንዲት ትንሽ ፕሮግራም ስለ ሠራችላት፣ ፋይሉ ገና እንደ ገባ ተላጭቶ ነበር የሚቀርብላት። ከዚያ ትሞክራለች። ከወደቀ ትቆራርጠዋለች፤ ካልወደቀ «ተሞክሯል፤ ይሠራል» ብላ ትዘጋለች። አራት ዓመት እንዲህ ሠራች። የፕሮጀክቱ ዋና ጠባቂ፣ እንደ ሽማግሌ ስለሚጽፍ ሁሉም «አባባ» የሚለው፣ ነገር ግን ሠላሳ ዓመት ያልሞላው ላጤ፣ «መቀስ ከዘጋችው ተዘጋ» ይል ነበር። ሰውን ከሚያሳስቱት ነገሮች አንዱ እንዲህ ዓይነቱ ምስጋና ነው። ወቀሳ ወደ ኋላ ዞረን እንድናይ ያደርገናል፤ ምስጋና ግን እንደ ምቹ ወንበር ነው፣ ከተቀመጡበት መነሣት ይከብዳል።

የፓምፑ ሰው የመጀመሪያ አቤቱታ የመጣው በዚህ ጊዜ ነው። «ጤና ይስጥልኝ» ይላል ሲጀምር። «የአንዲት ትንሽ ከተማ የውኃ ፓምፕ ቴክኒሻን ነኝ። አዲሱ የኮምፓይለር ቅጂ ፕሮግራሜን ስሰጠው ምንም ሳይናገር ይወድቃል። አሮጌው ቅጂ ይሠራ ነበር። ለምታደርጉት ሁሉ አመሰግናለሁ።» ፋይሉን አያይዟል። መቀስ ሞከረች፤ ሠራ። «እኛ ጋ አልወደቀም። ምናልባት ኮምፒውተርዎ ይሆናል» ብላ ዘጋችው።

በዘጠኝ ቀኑ ተመለሰ። «ጤና ይስጥልኝ። እንዳሉኝ ፋይሉን በሌላ ኮምፒውተር ሞከርሁት፤ እዚያም ወደቀ። ስላስቸገርሁ ይቅርታ።» ሞከረች፤ ሠራ። በዚህኛው ጊዜ «ተሞክሯል፤ ይሠራል» ብቻ ነው ያለችው። ሁለት ቃል። ፊት መንሣት ለካ ጩኸት አይፈልግም።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ሦስተኛው መጣ። ይሄኛው ረዘም ያለ ነበር፤ መቀስም ሻይዋን አስቀምጣ አነበበችው። ፓምፑን የሚያዘው የኤሌክትሮኒክስ ካርድ ተቃጥሏል። አዲስ ካርድ መጥቷል፤ ግን የሚቀበለው በአዲሱ ኮምፓይለር የተሠራ ፕሮግራም ብቻ ነው። ፕሮግራሙ እስኪሠራ ድረስ ሰውየው ፓምፑን በእጁ ያስነሣል፣ በእጁ ያጠፋል። ጋኑ ሲሞላ ካልዘጋ ውኃው ይፈስሳል፤ ሲጎድል ካልከፈተ ኮረብታው ላይ ያለው ሰፈር ይደርቃል። አብሮት ይሠራ የነበረው ጡረታ ወጥቷል፤ ምትክ አልተቀጠረም። ስለዚህ ጣቢያው ውስጥ ፍራሽ አንጥፎ፣ በየሁለት ሰዓቱ የሚጮህ ሰዓት ሞልቶ ይኖራል። «ይህን የምጽፈው ለማሳዘን አይደለም» ይላል። «ሦስት ጊዜ ያስቸገርሁበትን ምክንያት እንዲያውቁልኝ ነው። ቤቴ ከጣቢያው የሦስት ሰዓት መንገድ ነው። ባለቤቴ ከወለደች አሥራ አንድ ቀን ሆኗታል። ልጄን ያየኋት በስልክ ነው።» ከሥሩ የጣቢያውን የስልክ ቁጥር ጽፏል።

ነገሩ አንጀቷን በላው። ወዲያው ሞከረችው። ሠራ። ደግማ ሞከረችው። ሠራ። ፕሮግራሙ መሥራቱ ያናደዳት በሕይወቷ ያን ቀን ብቻ ነው። ስልኩን አነሣች።

«ሃሎ!» አለ አንድ ድምፅ፤ ከኋላው ሞተር ይጮሃል።

«የኮምፓይለሩ ሴት ነኝ። አቤቱታዎን...»

«ኧረ እትዬ! ራስዎ ደወሉ? ቆይ፣ አንዴ ይቆዩኝ፣ እንዳይዘጉት!» የሩጫ ኮቴ ተሰማ፤ ብረት ተንቋቋ፤ ሞተሩ ጸጥ አለ። እያለከለከ ተመለሰ። «ይቅርታ እትዬ። ይህች ፓምፕ እንደ አማት ናት፤ ፊቴን ካዞርሁባት ታኮርፋለች።»

መቀስ ሳትፈልግ ሳቀች። ከሳቀች በኋላ ደግሞ «እርስዎ» ማለቱ አልሆነላትም። «ወንድሜ፣ ሦስቴ ሞከርሁት። እኔ ዘንድ ይሠራል።»

«እኔንም የገረመኝ እሱ ነው። እትዬ፣ እንዳይቆጡኝ እንጂ አንድ ነገር ልጠይቅ?»

«ጠይቅ።»

«ፋይሉን ልክ እኔ እንደ ላክሁት ነው የሚሞክሩት?»

«አዎ» የምትለዋ ቃል ምላሷ ጫፍ ደርሳ ቆመች። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ያላነበበችው ገጽ ላይ ፈርማ አታውቅም። አሁን ግን አንድ ሰው በትሕትና፣ ያውም ይቅርታ እየጠየቀ፣ ሳታነብ ሦስት ጊዜ መፈረሟን እየነገራት ነበር። በሽቦው ጫፍ ያለው ሰው አያያትም፤ «አዎ» ብትል ማንም አይይዛትም። የሰው ሐቀኝነት የሚለካው እንዲህ ባለች፣ ምስክር በሌላት፣ ከትንፋሽ በማትረዝም ጊዜ ይመስለኛል።

«አይ» አለች። «አጽድቼ ነው የሞከርሁት።»

«ምኑ ነበር የቆሸሸው?» አለ ሰውየው፤ ጥያቄው ሽሙጥ አልነበረበትም።

«ሰላምታህን አወጣሁ። ባዶ መስመሮቹንም። መጨረሻው ላይ ያለውን... ባዶም።»

«አሃ! እሱን እንኳ እኔ አልጻፍሁትም። የጣቢያው ኮምፒውተር የጥንት ነው፤ ፋይል ሲያስቀምጥ ክፍሉ ድፍን እስኪል ድረስ መጨረሻውን በባዶ ይሞላዋል። አንዱ ክፍል አራት ሺህ ዘጠና ስድስት ፊደል ነው፣ ካለፈ የዚያ እጥፍ። ይህኛው ስምንት ሺህ አንድ መቶ ዘጠና ሁለት ነው። ግን ምንም የለውም እኮ እትዬ፤ ባዶ ነው።»

«ምንም የለውም» አለች መቀስ እንደ ገደል ማሚቶ።

ልጇ የሠራችላትን ማጽጃ አለፈችና ፋይሉን ከነጓዙ፣ ከነሰላምታው፣ ከነጭራው ለኮምፓይለሩ ሰጠችው። ኮምፓይለሩ አንድ ቃል ሳይተነፍስ ወደቀ።

«ወደቀ» አለች በቀጭን ድምፅ።

«ወደቀ? እውነት ወደቀ? ተመስገን! ኧረ ተመስገን!» የሚል ጩኸት ጆሮዋን ደፈነው። ስለ ውድቀት እንዲህ የተደሰተ ሰው አጋጥሟት አያውቅም። «እኔ እብድ ነኝ ማለት ጀምሬ ነበር እኮ! ባለቤቴንም ‹ምናልባት እኔ ነኝ ያላወቅሁበት› ብያት ነበር።»

«እኔ ነኝ ያላወቅሁበት» አለች መቀስ። «ሃያ ሦስት ቀን አስቀመጥሁህ።»

«እትዬ፣ ደወሉ እኮ! ሌላው ይደውላል?»

ስድብ ብትቀበል ይቀላት ነበር። ከአንጀት የወጣ ይቅርታ ግን ቦታ ያሳጣል፤ የት እንደምታስቀምጠው ግራ ገባት።

አባባ ጋ ስትደውል ከሰዓት በፊት ነበር። የፋይሉን ልክ ስትነግረው ለእሷ በሚገባ ቋንቋ አስረዳት። ኮምፓይለሩ ፋይሉን ከማንበቡ በፊት ሜሞሪ ውስጥ ባፈር የሚባል ማቆያ ላይ ያሳርፈዋል። ሜሞሪ ደግሞ እንደ መጽሐፍ በገጽ በገጽ ነው የሚታደለው፤ አንዱ ገጽ አራት ሺህ ዘጠና ስድስት ፊደል ይይዛል። ፋይሉ ገጹ መካከል ላይ ካለቀ የቀረው ቦታ ዜሮ ሆኖ ይቆያል፤ አንባቢው ያን ዜሮ ሲያይ «እዚህ አበቃ» ይላል። ፋይሉ ገጹን እስከ አፉ ከሞላው ግን ለዜሮዋ ቦታ የለም። አንባቢው መጨረሻውን ፍለጋ አጥር ዘልሎ የማንም ወዳልሆነ ገጽ ይገባል፤ ያኔ ማሽኑ አንገቱን ይዞ ይጥለዋል።

«ግን ባዶ ነው እኮ የሞላበት» አለች መቀስ።

«ለአንቺ ነው ባዶ። ለማሽኑ ባዶ ቦታም ፊደል ነው።»

ዕድሜዋን ሙሉ ባዶ ቦታን እንደ ቆሻሻ ስትጠርግ ኖራለች፤ ለካ አንዱ ባዶ ሸክም ነው፣ ሌላው ባዶ ደግሞ ማረፊያ። ሁለቱን በዐይን መለየት አይቻልም።

«ድሮ እኮ ለዚህ ጠባቂ መስመር ነበረን» አለ አባባ እየፈለገ። «ልኩ ድፍን ከሆነ ፋይሉን ሰፋ ወዳለ ቦታ ገልብጥ የሚል። ማነው ያነሣው? ቆይ መዝገቡን ልየው...» ጉሮሮውን ጠረገ። «እኔ ነኝ።»

«አንተ?»

«ከሁለት ዓመት በፊት። የፋይል አከፋፈቱን አፈጥናለሁ ብዬ። ያን ቀን ጮቤ ረግጫለሁ።»

«የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» አለች መቀስ፤ ግን ድምፅዋ ውስጥ ፍርድ አልነበረም። ያን ቀን በማንም ላይ ለመፍረድ አቅም አልነበራትም።

አባባ በሁለት ሰዓት ውስጥ አስተካክሎ ላከ። በማግሥቱ ጠዋት የፓምፑ ሰው መልእክት ደረሰ፦ «ጤና ይስጥልኝ። አዲሱን ኮምፓይለር አውርጄ ከምንጩ ስገነባው ግንባታው መንገድ ላይ ቆመ። አንድ ፋይል አጣሁ ይላል። ምናልባት እኔ ነኝ ያላወቅሁበት?» መቀስ ያቺን የመጨረሻ ጥያቄ ስታይ ፊቷ ጋለ። ኮምፓይለሩን ራሱን፣ ከተጻፈው ምንጭ ወደሚሠራ ፕሮግራም፣ ከባዶ ማኅደር ጀምራ ገነባችው፤ እሷም ጋ ቆመ። ደወለች።

«እኔ ጋ ይሠራል እኮ» አለ አባባ።

«ይህን ቃል እኔ ሦስት ጊዜ ብየዋለሁ አባባ» አለች። «ምን እንደሚያደርግ አውቃለሁ። ማሽንህ ላይ የተገነባውን ሁሉ ደምስስና ከባዶ ጀምር።»

«ግማሽ ሰዓት ይፈጅብኛል።»

«የሰውየው ልጅ ተወልዳ አሥራ ሁለት ቀኗ ነው። ደምስስ።»

ደመሰሰ። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ራሱ ደወለ። «ጉድ ነው! አዲስ የጻፍኋትን ፋይል ከላክሁት ጋር ሳላስገባት ቀርቻለሁ። እዚህ ማሽኔ ላይ ቁጭ ብላ ስታሟላልኝ ነበር፤ ለሌላው ሰው የለችም።»

«በል አስገባት።»

አስገባት። መቀስ ከባዶ ገነባች፤ አለቀ። የሰውየውን ፋይል ሳትነካው ሰጠችው፤ ኮምፓይለሩ አንብቦ ጨረሰ። እኩለ ቀን ላይ ለፓምፑ ሰው ላከችለት።

የቀረው መዝገቡ ነበር። እያንዳንዱ እርማት ከሥሩ ማን እንዳገኘው፣ ማን እንዳስተካከለው ይጻፍበታል። መቀስ እንዲህ ብላ ጻፈች፦ «ያገኘው፦ የፓምፑ ቴክኒሻን፣ በሦስት አቤቱታ። ያዘገየችው፦ አቤቱታ አንባቢዋ፣ ፋይሉን እንደ ተላከ ባለመሞከሯ።»

«መቀስ፣ እንዲህ ብሎ የጻፈ የለም» አለ አባባ። «ይህ መዝገብ አይጠፋም እኮ። የልጅ ልጅሽ ሳትቀር ታየዋለች።»

«ታዲያ ለሌላ ለምን ይጻፋል?»

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ሰውየው ምን ላይ እንደ ደረሰ አልጻፈም። እሷም እጇን አጣጥፋ መቀመጥ ስላልቻለች ወደ ኋላ ተመልሳ በእነዚያ ሁለት ቃላት የዘጋቻቸውን አቤቱታዎች መክፈት ጀመረች። አርባ አንድ አገኘች። ሁሉንም እንደ ተላኩ ሞከረቻቸው፤ ስድስቱ ወደቁ። ለስድስቱም ባለቤቶች ይቅርታና ምስጋና ጻፈች። አንዱ፣ «ከዓመት ከመንፈቅ በኋላ? ሙያዬን ቀይሬአለሁ» ብሎ መለሰ። ይህንንም አመሰገነች፤ መመለሱ ራሱ አንድ ነገር ነው።

«አንቺ ሴት፣ ምሳሽ ቀዘቀዘ» አለ ባሏ በሩ ላይ ቆሞ። ነገሩን ነገረችው፤ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው። ሾፌሩ አገጩን እያሻሸ ሰማት። «እኔም» አለ በመጨረሻ፣ «ከኋላ ሆኖ ‹ወራጅ አለ!› የሚለኝን ሰው ስንቴ አልሰማሁትም መሰለሽ? ሦስተኛ ጊዜ በትሕትና የሚጮህ ግን አላጋጠመኝም።»

በማግሥቱም መልእክት የለም። እኩለ ቀን ሲሆን ልቧ አላስችል አላትና ወደ ጣቢያው ደወለች። ስልኩ ብዙ ጠርቶ ተነሣ። የቴክኒሻኑ ድምፅ አልነበረም፤ ያረጀ፣ የሻከረ ድምፅ ነው።

«ቴክኒሻኑን ፈልጌ ነበር።»

«የለም። እኔ ዘበኛው ነኝ።»

«ምነው፣ ምን ሆነ?»

«ምን ይሆናል? ትናንት ወደ ማታ ገደማ አንድ ሰዓት ሙሉ ፓምፗን ቆሞ አያት፣ አያትና ‹አባቴ፣ እኔ ሄድሁ› አለኝ። ወዴት ብለው ‹ወደ ልጄ› አለ። ጫማውን እንኳ በቅጡ አላሰረም።»

መቀስ ወንበሩ ላይ ቀስ ብላ ተቀመጠች። «ታዲያ ፓምፑን ማን ይዞታል?»

«ማንም። ብቻዋን ናት።»

«እርግጠኛ ነዎት አባቴ?»

«እኔም አላመንሁም እኅቴ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ከትናንት ጀምሮ ወንበር ይዤ ፊት ለፊቷ ነኝ። ትነሣለች፣ ትሠራለች፣ ታርፋለች። ማንም አልነካት። ስሚያትማ።»

እጀታውን ወደ ሞተሩ ሲዘረጋው ድምፁ የመቀስን ጠባብ ክፍል ሞላው። ዐይኗን ጨፍና ሰማች። ጥቂት ቆይቶ ሞተሩ ረገብ አለ፣ አጉረመረመ፣ ቆመ። ማንም አልሮጠም፤ ብረት አልተንቋቋም።

«ሞላ ማለት ነው» አለ ዘበኛው ተመልሶ፣ የራሱ ሥራ ይመስል እየኮራ።

«አመሰግናለሁ አባቴ።»

«እኔን? እኔ ደግሞ ምን አደረግሁ?»

መቀስ የምታመሰግነው ብዙ ነበር፤ ሦስት ጊዜ የጻፈውን፣ ሳይቆጣ የጠየቀውን፣ ሳይመሽባት ጥፋቷን እንድታርም የፈቀደላትን ቀን። ለዘበኛው ይህን ሁሉ ከየት ጀምራ ታስረዳዋለች?

«ስላሰሙኝ» አለች።

«እሱማ ምን አለው» አለ ሽማግሌው። «ስትነሣም ከፈለግሽ ደውይ፤ እዚሁ ነኝ።»